የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቅኝት የማይጸናላቸው የአናሎግ ሲንተሳይዘሮች

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱ የሚያነሡት ጉዳይ ተመሳሳይ ነው፤ የቆዩ የአናሎግ ሲንተሳይዘሮች (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥሩ የሙዚቃ መሣሪያዎች) ቅኝት ለምን እንደማይጸና፣ መሣሪያው ራሱን በራሱ የሚቃኝበት ሥርዓትም እስከ ምን ድረስ እንደሚያስተማምን ይጠይቃሉ። ስለዚህ ዓምዱን በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ ዓመቶቹ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ሦስት ኦሲሌተር (ድምፁን የሚያመነጭ የኤሌክትሪክ ክፍል) ያለው ሚኒሙግ ሞዴል ዲ ሲንተሳይዘር አለኝ። እንደከፈትኩት በሚገባ እቃኘዋለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ሦስቱ ኦሲሌተሮች እርስ በርሳቸው ይለያያሉ። እንደገና ስቃኘው ደግሞ የታችኛው ኦክታቭ ሲስማማ የላይኛው ይበላሻል። የሚያውቁ ሰዎች «የአናሎግ ጠባይ ነው፣ ልመደው» ይሉኛል። እውነት መላ የለውም?

መልስ፦ የነገሩዎት ነገር ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ከስንፍና የመጣ ነው። በደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሕመሞች ተቀላቅለው ስለቀረቡ አስቀድመን እንለያቸው። የተቃኘው ድምፅ ጊዜ በቆየ ቁጥር ከቦታው የሚወጣ ከሆነ ይህ መንሸራተት ነው። መሣሪያው ሞቆ ከተረጋጋ በኋላም አንዱ ኦክታቭ ሲስተካከል ሌላው የሚበላሽ ከሆነ ግን የኦክታቭ ልክ መዛባት ነው። የመጀመሪያው ምክንያቱ ሙቀት ወይም የኃይል አቅርቦት ሲሆን፣ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ በትሪመር፣ ማለትም በቦርዱ ላይ ባለች በመፍቻ በምትዞር ትንሽ ማስተካከያ፣ የሚድን ነው። ሁለቱን ሳይለይ ትሪመር ማዞር የጀመረ ሰው ጤነኛውንም ክፍል ያሳምማል።

የሁለቱም ሥር ያለው አንድ ቦታ ላይ ነው። የሲንተሳይዘር ፈር ቀዳጁ ሮበርት ሙግ ባስፋፋው ልማድ መሠረት ኪቦርዱ ለእያንዳንዱ ኦክታቭ አንድ ቮልት ይልካል። ነገር ግን አንድ ኦክታቭ ከፍ ማለት ፍሪኩዌንሲው (ድምፁ በሰከንድ የሚነዝርበት ቁጥር፣ በኸርዝ የሚለካው) እጥፍ ይሆናል ማለት ነውና፣ በእኩል እርምጃ የሚጨምረውን ቮልቴጅ እጥፍ እጥፍ እየሆነ ወደሚያድግ ከረንት የሚለውጥ አካል ያስፈልጋል። ይህን የሚሠራው ትራንዚስተር ነው፤ ቤዝና ኤሚተር በተባሉት ሁለት እግሮቹ መካከል ያለው ቮልቴጅ በተለመደው የክፍል ሙቀት 18 ሚሊቮልት ገደማ በጨመረ ቁጥር የሚያሳልፈው ከረንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከኪቦርዱ የመጣው አንድ ቮልት በሬዚስተሮች (የከረንትን ፍሰት በሚገድቡ አካላት) ተከፋፍሎ ወደ 18 ሚሊቮልት ይወርዳል። የሰሚቶን (የኦክታቭ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል) መቶኛ የሆነችው አንዲት ሴንት በዚህ ስሌት 0.015 ሚሊቮልት ብቻ ትሆናለች። እንዲህ በጠበበ ልክ ላይ የቆመ ነገር ሙቀት ቢያናውጠው አያስገርምም።

ሙቀት ትራንዚስተሩን የሚያጠቃው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ያንኑ ከረንት ለማሳለፍ የሚያስፈልገው ቮልቴጅ አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር በ2 ሚሊቮልት ገደማ ይቀንሳል። ሁለት ሚሊቮልት ከ18 ሲሰላ ከአንድ ሰሚቶን በላይ ነውና፣ ብቻውን የተተወ ትራንዚስተር በአንድ ዲግሪ ለውጥ ብቻ ከቁልፉ ወጥቶ ወደ ሌላ ኖታ ይሄዳል። መሐንዲሶቹ ይህን ያሸነፉት ጠባያቸው የተመሳሰለ ሁለት ትራንዚስተሮችን ጎን ለጎን በማጣመር ነው፤ ሁለቱ እኩል ሲሞቁ የአንዱ ስሕተት የሌላውን ያጠፋዋል። ሁለተኛ፣ 18 ሚሊቮልት ያልነው ልክ ራሱ በአንድ ዲግሪ 0.33 በመቶ ገደማ ያድጋል። ይህኛው በማጣመር አይጠፋም፤ ጠባዩም የተለየ ነው። በመካከል ያለች አንዲት ኖታ ሳትነቃነቅ፣ ከእርሷ ሦስት ኦክታቭ ርቃ ያለችው ኖታ በየዲግሪው 12 ሴንት ትሸሻለች። መድኃኒቱ ሙቀት ሲጨምር ከረንትን የመገደብ መጠኑም በዚያው ልክ የሚያድግ ልዩ ሬዚስተር ነው።

ይህ ሬዚስተር ሥራውን የሚሠራው ከትራንዚስተሮቹ ጋር ተነካክቶ ሙቀታቸውን ሲጋራ ብቻ ነው። የኦሲሌተሩን ቦርድ ሲመለከቱ በትራንዚስተሩ ወይም በቺፑ ጀርባ ላይ የተጋደመ፣ ብዙ ጊዜም ነጭ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት የተቀባ አነስተኛ አካል የሚያዩት ለዚህ ነው። በቀድሞ ጥገና ላይ ተነቅሎ ሁለት ጣት ርቆ የተበየደ፣ ወይም ቅባቱ ደርቆ የተላቀቀ እንደሆነ ኦሲሌተሩ ይንሸራተታል፤ የተለወጠውም በተራ ሬዚስተር ከሆነ ማንኛውም ቅኝት አይጸናም።

ምርመራው እንግዲህ ከዚህ ይነሣል። መንሸራተቱ በሁሉም ኦክታቭ እኩል ከሆነ የትራንዚስተሮቹን ጥምር ወይም የኃይል አቅርቦቱን ይጠርጥሩ፤ ጫፍ ላይ ባሉት ኖታዎች ብቻ የሚብስ ከሆነ ግን ወደ ሙቀት ማካካሻው ሬዚስተር ይሂዱ። በሚኒሙግ ላይ አዎንታዊና አሉታዊ 10 ቮልት ሊኖር ይገባል፤ መሣሪያው ከተከፈተ ጀምሮ በመልቲሜትር እየተከታተሉ ይመልከቱት። እርሱ የሚዋልል ከሆነ ሦስቱም ኦሲሌተሮች በአንድነት ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። የእርስዎ ግን እርስ በርሳቸው ስለሚለያዩ ጥርጣሬዬ ወደየራሳቸው ወረዳ (ሰርኪዩት) ያዘነብላል። ድምፁ ቀስ ብሎ መንሸራተቱን ትቶ በድንገት የሚዘል ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሙቀት አይደለም፤ የኪቦርዱ መገናኛዎች፣ የኦክታቭ መምረጫው ወይም ያረጀ ትሪመር ቆሽሾ ሊሆን ስለሚችል በመጀመሪያ ይጽዱ። የኃይል አቅርቦቱ መግቢያ በኩል የዋናው መስመር ኤሌክትሪክ ስላለበት፣ በዚያ ላይ ልምድ ከሌለዎት ልኬቱን ለባለሙያ ይተዉት።

የቀረውን በትዕግሥት ያግኙት፤ ክዳኑን ዘግተው ግማሽ ሰዓት ያህል ሳያሞቁ አይቃኙ። አንዳንድ ሠሪዎች ሙቀትን ከመከተል ይልቅ ራሳቸው ማሞቅን መርጠው ነበር። የፌርቻይልድ ኩባንያ ሚዩኤ 726 የተባለው ቺፕ በውስጡ ካሉት ሁለት ትራንዚስተሮች ጋር ማሞቂያ ስለነበረው ሙቀቱን አንድ ቦታ ላይ ያቆመው ነበር። እርሱም ቢሆን እስኪሞቅ መጠበቅን ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ከመበየድ ሥራ ጋር ትውውቅ አለኝ። የኦክታቭን ልክ በትሪመር ለማስተካከል ስሞክር ላይ ታች እያልኩ አላልቅ ብሎኛል፤ መጨረሻ ላይም ከፍተኛዎቹ ኖታዎች ሁልጊዜ ዝቅ ይላሉ።

መልስ፦ አላልቅ ያለዎት ምናልባት የላይኛውን ኖታ ቁጥር እያሳደዱ ስለሆነ ነው። የልክ ትሪመሩ ሲዞር የሚንቀሳቀሰው የላይኛው ኖታ ብቻ አይደለም፤ የታችኛውም ቮልቴጁ ዜሮ እስካልሆነ ድረስ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ማሳደድ ያለብዎት በሁለቱ መካከል ያለውን ምጣኔ ነው። ሌሎቹን ኦሲሌተሮች ዝም ያሰኙ፤ ድምፁን የሚያወዛውዘውን ሞዱሌሽንና ከኖታ ወደ ኖታ የሚያንሸራትተውን ግላይድ ያጥፉ፤ ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የፒች ጎማም መካከል ላይ ይሁን። ከዚያ «ላ» ከተባሉት ኖታዎች የታችኛውን በፊት ለፊት ባለው የቅኝት መዘውር 110 ኸርዝ ላይ ያቁሙ፤ ሦስት ኦክታቭ ከፍ ብለው ሲነኩ 880 ሊያነቡ ይገባል። 890 ቢያነቡ ልኩ በ20 ሴንት ገደማ ሰፍቷል ማለት ነው። ትሪመሩን በትንሹ ወደሚያጠብበት አቅጣጫ ያዙሩ፤ ወደ ታችኛው ኖታ ይመለሱና በመዘውሩ እንደገና 110 ላይ ያድርጉት፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የላይኛውን ይለኩ። የላይኛው የታችኛውን ስምንት እጥፍ እስኪሆን ድረስ ይህንኑ ይደጋግሙ። ትሪመሩን ሲያዞሩ ጣትዎ ትራንዚስተሩን እንዳይነካ ይጠንቀቁ፤ የጣት ሙቀት ብቻውን ድምፁን ሲያንቀሳቅሰው በጆሮዎ ይሰሙታል፤ እስኪቀዘቅዝም የሚያነቡት ቁጥር ሁሉ ከንቱ ነው።

የከፍተኛዎቹ ኖታዎች ዝቅ ማለት ግን ሌላ ታሪክ ነው። ብዙዎቹ ኦሲሌተሮች የሚሠሩት ካፓሲተርን (የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ አካል) እየሞሉ፣ ሲሞላም በቅጽበት ባዶ እያደረጉ ነው፤ የመጋዝ ጥርስ የሚመስለው ሞገድ ከዚህ ይወጣል። ባዶ ማድረጊያው ቅጽበት ምንም ቢያጥር ዜሮ አይደለም። አንድ ማይክሮ ሰከንድ ነው እንበል። በ100 ኸርዝ ላይ አንዱ ዙር 10,000 ማይክሮ ሰከንድ ስለሚፈጅ ጭማሪዋ አትታይም፤ በ5,000 ኸርዝ ላይ ግን ዙሩ 200 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ስለሆነ ኖታው በ9 ሴንት ገደማ ይወርዳል፤ በ10,000 ላይ ደግሞ 17 ይደርሳል። በዚህ ላይ በትራንዚስተሩ ውስጥ ያለው ጥቂት ሬዚስታንስ ከረንቱ በጨመረ ቁጥር ያንኑ ስሕተት ያባብሰዋል። ብዙ መሣሪያዎች ለዚህ ሲባል የላይኛውን ጫፍ ብቻ የሚያነሣ ሁለተኛ ትሪመር አላቸው። የታችኛውንና የመካከለኛውን ኦክታቭ በልክ ትሪመሩ ከጨረሱ በኋላ በመጨረሻ የሚነካው እርሱ ነው። ሰዎች ላይኛውን ለማንሣት የልክ ትሪመሩን እየለጠጡ መካከለኛውን፣ ማለትም አብዛኛው ሙዚቃ የሚጫወትበትን ክፍል፣ ሲያበላሹ በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ ከሁለት አንዱ መጎዳት ካለበት ላይኛው ጫፍ ቢጎዳ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ፕሮፌት-5 ላይ «ቲዩን» የሚለውን አዝራር ስጫን መሣሪያው ለጥቂት ሰከንዶች ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ይስተካከላል። ከአምስቱ ድምፆች (እያንዳንዳቸው አንድ ኖታ ከሚያሰሙት ክፍሎች) አንዱ ግን ደጋግሜ ብጫንም አሻፈረኝ ብሏል። በጸጥታው ጊዜ መሣሪያው ምን እየሠራ ነው? ይህ አንዱስ ለምን አልታዘዝ አለ?

መልስ፦ አዝራሩ የመጣበትን ምክንያት ማወቅ ይጠቅማል። በ1975 የወጣው የኦበርሃይም ባለ አራት ድምፅ ሲንተሳይዘር እያንዳንዱ ድምፅ ሁለት ኦሲሌተር ያለው ራሱን የቻለ ሞጁል ስለነበር ተጫዋቹ ስምንቱን በእጁ ይቃኝ ነበር። በ1978 ዴቭ ስሚዝና ባልደረቦቹ ያወጡት ፕሮፌት-5 ዐሥር ኦሲሌተሮች ሲኖሩት፣ ተጫዋቹ ያዘጋጃቸውን የድምፅ ዓይነቶች በማስታወሻ ለመያዝ የገባው ማይክሮፕሮሰሰር የመቃኘቱንም ሥራ ወሰደ። ባለ ስምንት ድምፁ የኦበርሃይም ኦቢ-ኤክስኤና በ1981 የወጣው ሮላንድ ጁፒተር-8 ባለ ዐሥራ ስድስት ኦሲሌተር ነበሩ፤ በ1982 የወጣው ሜሞሪሙግ ደግሞ ዐሥራ ስምንት። ይህን ያህሉን በየዝግጅቱ በእጅ መቃኘት የሚታሰብ አይደለም።

በጸጥታው ጊዜ ፕሮሰሰሩ የድምፁን መውጫ ይዘጋና ኦሲሌተሮቹን አንድ በአንድ ከመቁጠሪያ ጋር ያገናኛቸዋል። የታወቀ ቮልቴጅ ይልካል፤ ኦሲሌተሩ ዙሩን እስኪጨርስ ድረስ በክሪስታል የሚመራው ሰዓት ስንት ጊዜ እንደመታ ይቆጥራል፤ ሊሆን ከሚገባው ጋር ያነጻጽርና ልዩነቱን በማስታወሻ ውስጥ በማረሚያነት ያስቀምጣል። በተለያዩ ኦክታቮችም ይህንኑ ስለሚደግም መጠነኛ የልክ መዛባትን ጭምር ይሸፍናል። ኖታ በተነካ ቁጥር ማረሚያው በሚላከው ቮልቴጅ ላይ ይደመራል። ሰከንዶች የሚፈጀው በቁጥሩ ጥራት ምክንያት ነው። ለምሳሌ ሰዓቱ በሰከንድ ሁለት ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ ቢሆን በ440 ኸርዝ አንዱ ዙር 4,545 ምት ይይዛል፤ የአንድ ምት ስሕተትም ከግማሽ ሴንት በታች ነው። በ4,400 ኸርዝ ግን ምቶቹ 454 ብቻ ስለሚሆኑ ያው ስሕተት ወደ 4 ሴንት ይጠጋል። ስለዚህ ከፍ ባሉት ላይ ብዙ ዙሮችን አንድ ላይ መቁጠር ግድ ይሆናል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ ማረሚያው የሚያገለግለው በዚያች ደቂቃ ለነበረው ሙቀት ብቻ ነው። መሣሪያው ቀዝቃዛ ሳለ የተጫነ አዝራር ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዋጋ የለውም፤ የመድረክ መብራት ሲበራም እንደገና መጫን ያስፈልጋል። ሁለተኛው ለእርስዎ ጉዳይ ቁልፉ ነው፤ ማረሚያው ወሰን አለው። ኦሲሌተሩ ከዚያ ወሰን ውጭ ከራቀ ፕሮሰሰሩ የሚችለውን ሁሉ ሰጥቶ ይቆማል። አዝራሩ ደጋግሞ መጫኑ ጥገና አይሆንም፤ እንዲያውም ትንሽ በትንሽ እየባሰ የሄደውን ብልሽት እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ሸፍኖ የሚያቆየው እርሱ ነው። ትሪመሮቹ መስተካከል ያለባቸው ማረሚያው ዜሮ በሆነበት ሁኔታ ነው፤ የአገልግሎት መመሪያው እዚያ ሁኔታ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ይነግራል።

ነገር ግን ትሪመር ከመንካትዎ በፊት ኦሲሌተሩ በእርግጥ ጥፋተኛ መሆኑን ያረጋግጡ። በእነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ የፕሮሰሰሩን ቁጥር ወደ ቮልቴጅ የሚለውጥ አንድ ዲጂታል-ወደ-አናሎግ መለወጫ ለሁሉም ኦሲሌተሮች በየተራ ቮልቴጅ ያድላል፤ የታደለውን ቮልቴጅም ተራው እንደገና እስኪደርስ ድረስ አነስተኛ ካፓሲተር ይዞ ይቆያል። ካፓሲተሩ ወይም ከእርሱ ጋር ያለው የመምረጫ ቺፕ የሚያፈስ ከሆነ፣ አንድ ሚሊቮልት በጠፋ ቁጥር 1.2 ሴንት አብሮ ይጠፋል፤ ኦሲሌተሩ ግን ንጹሕ ነው። ድምፆቹ በሚነቀሉ የተለያዩ ካርዶች ላይ በተሠሩባቸው መሣሪያዎች ኃይሉን አጥፍቶ ሁለት ካርዶችን ማቀያየር ነገሩን ይለየዋል፤ ብልሽቱ ካርዱን ተከትሎ ከሄደ ከካርዱ ነው፤ በቦታው ከቀረ ከአዳዩ ወረዳ ነው። ሁሉም በአንድ ቦርድ ላይ ባለበት ግን በካፓሲተሩ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ከጤነኛው ድምፅ ጋር እያነጻጸሩ መለካት ነው። ልኬቱ በኦሲሎስኮፕ ቢሆን ይመረጣል፤ መልቲሜትሩ ራሱ ከረንት ስለሚስብ ሊያሳስት ይችላል።

ጥያቄ፦ ሮላንድ ጁኖ-60 እንዲህ ያለ አዝራር የለውም፤ ቅኝቱም አይነቃነቅም። ታዲያ አናሎግ አይደለም ማለት ነው?

መልስ፦ አናሎግ ነው። በ1982 የወጣው ጁኖ-60ም ሆነ ከሁለት ዓመት በኋላ የተከተለው ጁኖ-106 ሞገዱን የሚሠሩት ካፓሲተር እየሞሉ ነው፤ ካፓሲተሩ መቼ ባዶ እንደሚሆን የሚወስነው ግን ከአንድ ማዕከላዊ ሰዓት እየተካፈለ የሚመጣ ዲጂታል ምት ነው። ስለዚህ ሙቀት የሞገዱን ቁመት ጥቂት ሊለውጥ ይችላል እንጂ ፍሪኩዌንሲውን አይነካም፤ ድምፆቹንም አንድ በአንድ መቃኘት አያስፈልግም። የድምፁን ቀለም የሚቀርጸው የፊልተር ወረዳ ግን ያው አሮጌው ዓይነት ነውና ትሪመር ይፈልጋል። ፊልተሩ እስኪያፏጭ ድረስ ሬዞናንሱን (የማስተጋባት መጠኑን) ከፍ አድርገው እንደ ኦሲሌተር ሊጫወቱበት ቢሞክሩ መንሸራተቱን እዚያ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ ባለ ሁለት ኦሲሌተር መሣሪያዬን ባለሙያው ፍጹም አድርጎ ቃኘልኝ። አሁን ድምፁ የቀጠነ መሰለኝ። መንሸራተቱን መልሼ ልፈልገው?

መልስ፦ ጆሮዎ አልተሳሳተም። 440 እና 441 ኸርዝ ላይ ያሉ ሁለት ኦሲሌተሮች በየሰከንዱ አንድ ጊዜ ይማታሉ፣ ማለትም ድምፁ ጎልቶ መልሶ ይደክማል፤ ወፍራም የምንለው ድምፅ አብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው። ልዩነቱ በሴንት ሲሰላ ከአራት አይበልጥም። ዴቭ ስሚዝ የመሠረተው ኩባንያ ሴኩዌንሻል በ2020 እንደገና ያወጣው ፕሮፌት-5 «ቪንቴጅ» የተባለ መዘውር አለው፤ ሥራውም በድምፆቹ መካከል ሆን ተብሎ የተለካ አለመመሳሰልን መጨመር ነው። በአሮጌዎቹ ላይ በግዴታ የነበረው በአዲሶቹ ላይ በምርጫ መጣ ማለት ነው።

ነገር ግን የምንወደውና የማንወደው አንድ አይደሉም። ሁለቱ ኦሲሌተሮች በሁሉም ኦክታቭ በሁለት ሴንት ቢለያዩ ምቱ በ110 ኸርዝ ስምንት ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ በ880 ደግሞ አንድ ሰከንድ። ይህ ለጆሮ ተፈጥሯዊ ነው። የኦክታቭ ልክ የተዛባ ከሆነ ግን ታች ላይ የሚስማማው ላይ ላይ በዐሥራ አምስት ሴንት ይለያያል፤ ዜማው ከአጃቢው ጋር ይጣላል፤ ይህን ማንም አይወደውም። ስለዚህ ባለሙያው ያስተካከለውን ልክ አይንኩበት። የሁለተኛውን ኦሲሌተር የፊት ለፊት መዘውር ብቻ በጣም በጥቂቱ ያዙሩትና የላይኛውን ላ ይዘው ያዳምጡ፤ ምቱ በሰከንድ አንድ ያህል ሲሆን ይቁም። ለዘገምተኛ ዜማ ከዚያም ያነሰ ይበቃል፤ ለባስ ደግሞ ታች ላይ ምቱ ስለሚዘገይ ጥቂት ሰፋ ቢያደርጉት ይሻላል።